የምንጫችን ውጤት የት ደረሰ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከወሎ የደረሱን ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸውና በዙሪያቸው ለሚኖረው ሕዝብ ስለ ውሃ አያያዝ የሚሰጡትን ትምህርት የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ በሥራቸውና በአካባቢያቸው ብቻ ጠቅሰናቸዋል። ለመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፋ ያለ መልስ የሰጠሁት፣ የያዘው ቅሬታ ከአንድ ቀበሌ አልፎ የብዙዎች መስሎ ስለታየኝ ነው።

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከተሁለደሬ ወረዳ ነው፤ የቀበሌያችን የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። አምና በመጋቢት ወር ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን መጥተው፣ ሕዝቡን ሰብስበው ስለ ውሃ አጠባበቅ አስተማሩን። ትምህርቱ መልካም ነበር። ከዚያ ከምንጫችን በሦስት ጠርሙስ ውሃ ቀድተው፣ ውጤቱን በሁለት ሳምንት እናሳውቃችኋለን ብለው ሄዱ። እነሆ ዓመት አለፈ፤ የመጣም የደወለም የለም። የከፋው ግን ሌላ ነው። ከሕዝቡ ከፊሉ ‹ውሃው ቢበከል ነው ዝም ያሉን› እያለ ምንጩን ትቶ ልጆቹን ወደ ወንዝ መላክ ጀምሯል። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ እንቀበል ወይስ እንመልስ? ምንጩንስ እንጠጣ ወይስ እንተው?»

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከሁለቱ ጥያቄዎችዎ የሚያስቸኩለው ሁለተኛው ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ልጆቹን ከወንዙ ይመልሷቸው። ወንዝ ከላይ ካለው አገር የከብቱን እበት፣ የመጸዳጃውን ፍሳሽና የማሳውን አፈር ሁሉ ጠርጎ የሚያልፍ ክፍት ውሃ ነው፤ ምንጭ ግን በአፈርና በአለት ውስጥ ተጣርቶ የሚወጣ በመሆኑ፣ ዓይኑ በደንብ እስከተከለለ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከወንዝ የተሻለ ነው። የተሻለ ነው ማለት ግን ንጹሕ ነው ማለት ስላልሆነ፣ የምርመራው ነገር እስኪለይ ድረስ የምንጩንም ውሃ አክሞ መጠጣት ይገባል። ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ማቆየት ለደጋውም ለቆላውም ይበቃል። ማገዶ የሚቸግረው ቤት ውሃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን መድኃኒት በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ በጭቃው ስለሚደክም፣ አስቀድሞ ጭቃው እስኪረጋ ማቆየትና በንጹሕ ነጠላ ማጥለል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሦስቱ ጠርሙሶች እንምጣ። ውሃ በሰገራ መበከሉን ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ ዓመት የሚያስጠብቅ አይደለም። ናሙናው ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ፣ ቢዘገይ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፤ እዚያም ጀርሙ በሙቀት ሣጥን ውስጥ አንድ ቀን ያህል ከቆየ በኋላ ይቆጠራል። ስለዚህ ውጤቱ ናሙናው ከገባበት ቀን አንሥቶ በሁለትና በሦስት ቀን ይታወቃል። ሁለት ሳምንት የተባለው በቂ ጊዜ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጎደለው ወደ እናንተ የሚመለስ ሰው ብቻ ነው። ዝምታው ውሃው ተበክሏል ለማለት እንደማያስረዳ ለሕዝቡ ይንገሩልኝ። ደህና ነው ለማለትም አያስረዳም።

በተጨማሪም የመጋቢት ናሙና የመጋቢትን ውሃ እንጂ የሐምሌን ውሃ አይናገርም። በበጋ ከመሬት ብቻ የሚወጣው ምንጭ፣ ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በዓይኑ ዙሪያ ሊገባበት ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተመረመረ ምንጭ ሙሉ በሙሉ ተመርምሯል ሊባል አይችልም። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው በምትጽፉት ደብዳቤ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የአምናው ውጤት በጽሑፍ እንዲደርሳችሁ፣ ደግሞም በመጪው ክረምት አዲስ ናሙና እንዲወሰድ። ደብዳቤው በቀበሌው ማኅተም ታትሞ፣ ምርምርንና ማኅበረሰብ አገልግሎትን ለሚመራው ምክትል ፕሬዚዳንት ይላክ፤ ግልባጩም ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጡ ይደነግጋል፤ የእናንተ ምንጭ ለተማሪዎቹ ትምህርት ከሆነ፣ የተማሩት ነገር ለእናንተ ሊነገር ግድ ነው።

እንግዳውን መቀበልን በሚመለከት የእኔ ምክር ተቀበሉ የሚል ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ይዛችሁ ተቀበሉ። የኮሚቴው ደብተር ላይ የመጡበት ቀን፣ የተወሰደው ጠርሙስ ቁጥር፣ የመሪያቸው ስምና ስልክ፣ ውጤቱ የሚመለስበት ቀን ይጻፍና ራሳቸው ይፈርሙበት። የውሃ ገንዘብ የሚመዘገብበት ደብተር ከሌላችሁ ባለሃምሳ ገጽ ደብተር ለዚህ ይበቃል።

ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ደግሞ ከመሄዳቸው በፊት አንድ የመለካት ዘዴ በእናንተ እጅ ትተው እንዲሄዱ ነው። ይህን በምሳሌ ላሳይ። ሃያ ሊትር የሚይዘውን ቢጫ ጀሪካን ከምንጩ አፍንጫ ሥር ያስቀምጡ፤ አንድ ልጅ በስልኩ ሰዓት ይያዝ። ጀሪካኑ እስከ አንገቱ ለመሙላት አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ወሰደበት እንበል። መቶ ሴኮንድ ማለት ነው፤ ስለዚህ ምንጩ በደቂቃ 12 ሊትር፣ በሰዓት 720 ሊትር፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 17,280 ሊትር ይሰጣል። ለገጠር ነዋሪ በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተያዘው መጠን ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በመሆኑ፣ ይህ ምንጭ 690 ያህል ሰው ያጠጣል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን የሌሊቱ ውሃ የሚጠራቀምበት ጋን ካለ ብቻ ነው። ከሌለ፣ ሰው በሚተኛባቸው አሥር ሰዓታት 7,200 ሊትር ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ጠዋት ላይ ደግሞ እናቶች ጀሪካን ደርድረው ሲጣሉ ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ «ውሃው አነሰ» የሚባለው ጠብ መነሻው ማጠራቀሚያ ማጣቱ ነው፤ ይህንንም አንድ ጀሪካንና አንድ ስልክ ያረጋግጡታል።

ይህን ልኬት በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ ማንም ሳይቀዳ ይውሰዱና በዚያው ደብተር ይጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምንጩ በሚያዝያ ስንት እንደሚሰጥ፣ በጥቅምት ስንት እንደሚሰጥ ከማንም በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ የሚመጣው ተማሪ ከደብተራችሁ ይማራል።

ጥያቄ፦ «በኮምቦልቻ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሁለት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ስለ ውሃ አስተማሩን፤ በጣም ወደድነው። ሲጨርሱ ግን መሣሪያቸውን ይዘው ሄዱ። እኔና ጓደኞቼ የውሃ ክበብ ማቋቋም እንፈልጋለን፤ በትምህርት ቤታችን ግን አንድም መለኪያ የለም። ሌላው ጥያቄዬ፣ ቧንቧ ሲጠፋ አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ከቦርከና ቀድተው ካፈሉት በኋላ ይጠቀሙበታል። ማፍላቱ ይበቃል?»

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ስለ ማፍላቱ ባጭሩ ልንገርሽ፤ አይበቃም። እሳት ጀርምን ይገድላል እንጂ ብረትንና ኬሚካልን አያጠፋም። ቆዳ የሚለፋው በክሮም ጨው ነው፣ ጨርቅም በኬሚካል ይቀለማል፤ እንዲህ ያለ ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ውሃ ከገባ፣ ስታፈሊው ውሃው በእንፋሎት እየቀነሰ ብረቱ ግን በድስቱ ውስጥ ስለሚቀር እንዲያውም ይወፍራል። በከተማችሁ ወደ ቦርከና በሚገቡት ትናንሽ ወንዞች ላይ ተመራማሪዎች ክሮምን ጨምሮ ከባድ ብረቶችን ለክተው አሳትመዋል። ስለዚህ ቧንቧ በሚጠፋበት ሳምንት ከቦርከና የተቀዳ ውሃ ለወለል ማጠቢያ ካልሆነ በቀር ለመጠጥም ለወጥም አይሁን። ይህን ለጎረቤቶችሽ ስትነግሪ በቁጣ አይሁን፤ ውሃ አጥቶ ወንዝ የወረደ ሰው ሌላ ምርጫ ስላጣ ነው፣ ስለዚህ ከምክሩ ጋር ሮቶ ያለው ቤት የቱ እንደሆነ፣ ቦኖ የት እንደሚሠራ አብረሽ ብትነግሪ ይሻላል።

ለክበባችሁ ግን መሣሪያ አጣን ብላችሁ አንድ ቀን እንኳ አትዘግዩ። ከሁሉ በፊት የዝናብ መለኪያ ሥሩ። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ያልገባ የሃይላንድ ጠርሙስ ፈልጋችሁ አፉን ቁረጡና፣ የተቆረጠውን አፍ ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ ክዳን በላዩ ላይ ሰካ አድርጉት፤ ይህ ውሃው በፀሐይ እንዳይተን ይረዳል። የጠርሙሱ ቂጥ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩበትና ቀጥ ያለው ጎን እስከሚጀምርበት ድረስ ውሃ ሙሉት፤ ያ ቦታ ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ ማስመሪያ ለጥፉበት። ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ሜዳ ላይ ይተከል፤ በየቀኑ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይነበብ፤ ውሃው እስከ ዜሮው መስመር ይደፋ። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎችም የዕለቱን ዝናብ የሚያነቡት በዚያው ሰዓት በመሆኑ የእናንተ ቁጥር ከእነርሱ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

የዚህ ቁጥር ውበቱ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ልክ አንድ ሊትር መሆኑ ነው። የትምህርት ቤታችሁ አንዱ ሕንፃ ጣሪያ ስምንት ሜትር በሃያ አምስት ሜትር ከሆነ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ቀን አሥር ሚሊ ሜትር ከዘነበ በዚያ ቆርቆሮ ላይ 2,000 ሊትር ወርዷል፤ የሚረጨውንና የሚፈሰውን ቀንሰን ሰማንያ በመቶውን ብንይዝ 1,600 ሊትር፣ ማለትም ሰማንያ ጀሪካን ነው። ይህን ስሌት በሰልፍ ሰዓት ለርእሰ መምህሩ አንብቡለት። አሸንዳ ለመግጠም ገንዘብ የለንም የሚል ትምህርት ቤት፣ ባለፈው ማክሰኞ ስንት ጀሪካን ውሃ በግቢው ጭቃ ላይ እንደፈሰሰ በቁጥር ሲሰማ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ከጣሪያ የመጣ ውሃ ግን የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብበት፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ይደፋ፤ ቀሪውም ለእጅ መታጠቢያ፣ ለመጸዳጃና ለችግኝ ይሁን።

ሌላው ሥራ የሚንጠባጠብ ቧንቧ መቁጠር ነው። ሥሩ የአንድ ሊትር ዕቃ አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። በሰዓት አንድ ሊትር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 24 ሊትር ያፈሳል፤ ከላይ ለተሁለደሬው አባት እንደነገርኩት ይህ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ያህል ነው። ወንዙንም አትርሱት። የቦርከና ውሃ ከእናንተ ከተማ ካለፈ በኋላ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ እዚያ በበጋ ወራት አርብቶ አደሮች ከሩቅ እየመጡ ከብታቸውን ያጠጣሉ፣ ያሰማራሉ። ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር የሚቀር ወንዝ ስለሆነ፣ ኮምቦልቻ ላይ የተጣለው ነገር ባሕር ወስዶ የሚያሰፋው አይደለም። በወር አንድ ጊዜ ከአንድ ድልድይ ላይ ሆናችሁ የውሃውን መልክና ሽታ፣ የአረፋውን ነገር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ፎቶም አንሡ። ወደ ውሃው ግን አትግቡ።

ጥያቄ፦ «በአንድ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና መምህር ነኝ፤ ወደ ገጠር ወጥተን የምንሰጠውን ሥልጠና አስተባብራለሁ። በቀበሌ አዳራሽ ስንጠራ የሚመጡት ወንዶች ናቸው፤ የሚመጡትም በአብዛኛው አበል ያለ መስሏቸው ነው። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች አይመጡም። ‹ዘላቂ የውሃ አጠቃቀም› ብለን ስንጀምር ፊታቸው ላይ የምናየው ትዕግሥት ብቻ ነው። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄው ውስጥ ራስዎ ግማሹን መልሰውታል። ውሃ የምትቀዳ ሴት ጠዋት ከምንጭ፣ ቀን ከማድ ቤት፣ ማታ ከከብቱ አትጠፋምና ከአዳራሽ ይልቅ ከምንጩ ዘንድ ታገኟታላችሁ። ወረፋ በሚጠበቅበት ሰዓት ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጀሪካኗን የሚሸከምላት ተማሪ ከማንኛውም ፖስተር በላይ ያስተምራል፣ እርሱም ሃያ ኪሎ በወገብ ይዞ ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ ይማራል። ወንዶቹን ደግሞ በቅሬው (በእድሩ) ቀን አግኟቸው። በወሎ ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ድንኳን የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ አንድ ጉዳይ እዚያ ከተነገረ የአገር ጉዳይ ይሆናል። ሸሆቹንና ቀሳውስቱን አስቀድማችሁ አማክሯቸው። እኔ ያደግሁበት ቤት ውስጥ አያቴ ለሶላት ዉዱእ ሲያደርጉ ከትንሿ ማንቆርቆሪያ ውሃ ሳይጨርሱ ይነሡ ነበር፤ ስጠይቃቸው «ወንዝ ዳር ብትሆንም ማባከን ክልክል ነው» ይሉኝ ነበር። ውሃ መቆጠብን ከእኛ በፊት ያስተማሩ ሰዎች ባሉበት አገር አዲስ ነገር እንዳመጣን ሆነን መግባት አይገባንም።

«ዘላቂ» የሚለውን ቃል ተዉት። በምትኩ አንድ ሽማግሌ «በልጅነትዎ ይህ ምንጭ በበጋ እስከ የትኛው ወር ይፈስ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የ66ቱንና የ77ቱን ድርቅ ያዩ ሰዎች የትኛው ምንጭ እንደደረቀ፣ የትኛው እንዳልተቋረጠ በስም ይነግሯችኋል፤ ያልተቋረጠው ምንጭ ከየትኛው ተራራ ሥር እንደሚወጣ ሲታወቅ ደግሞ የትኛው ተፋሰስ መጀመሪያ መከለል እንዳለበት ጉባኤው ራሱ ይወስናል። ሐይቅ አካባቢ ከሆናችሁ፣ ሐይቁ ውሃ ይገባበታል እንጂ ወንዝ እንደማይወጣበት ለሕዝቡ መንገር አያስፈልግም፤ ያውቁታል። «ታዲያ ከማሳው ታጥቦ የገባው አፈርና ማዳበሪያ ወዴት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ።

አበልን በሚመለከት፣ ለመቀመጥ መክፈልን አልደግፍም፤ ለሥራ መክፈል ግን ተገቢ ነው። የዝናብ መለኪያ የሚያነብ፣ የምንጭ መጠን የሚመዘግብ የመንደሩ ልጅ ትንሽም ቢሆን በየወሩ ይከፈለው። ይህ ዘዴ በወሎ የተፈተነ ነው። በአልብኮ ወረዳ በማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረውና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ፣ በአንዲት ትንሽ ተፋሰስ ላይ ዝናቡን፣ የወንዙን ፍሰትና ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ለረጅም ዓመታት ያስመዘግብ ነበር። የማይባር መረጃ ዋጋ ያገኘው መሣሪያው ስለረቀቀ ሳይሆን ልኬቱ በአንድ ቦታ ዓመት ከዓመት ስለቀጠለ ነው።

የምጨምረው አንድ ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ወደ ሕዝብ መውጣቱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ኤክስቴንሽኑ (ለገበሬው የሚሰጠው የምክር አገልግሎት) በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ እርሻ ሚኒስቴር እስኪዛወር ድረስ ገበሬውን በቀጥታ ያገለግል ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን ወደ ገጠር ወሰደ። እነዚህ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጉድለት ነበራቸው፤ ነገር ግን ሄደው ይኖሩ ነበር። የዛሬው ጉዞ ጠዋት በሚኒባስ ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሆኗል። አንድ ዓመት መኖር ባይቻል፣ አሥር ቀበሌ አንድ አንድ ጊዜ ከመጎብኘት አንድን ቀበሌ በዓመት አራት ጊዜ፣ በጥቅምት፣ በጥር፣ በሚያዝያና በሐምሌ መጎብኘት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የሪፖርቱ ቁጥር ያንሳል፤ ተማሪዎቻችሁ ግን ያንኑ ምንጭ ሲሞላም ሲጎድልም ያዩታል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ላብራቶሪዎች ብዙ ጉዳት እንደደረሰባቸው አውቃለሁ፤ ጀሪካንና ሰዓት ይዞ መመለስን ግን ያ አይከለክልም።

ጥያቄ፦ «ከራያ ቆቦ ነኝ። በጋራ የምናለማበት የመስኖ ጉድጓድ ፓምፑ እንደ ድሮው አይገፋም። ባለሙያዎች አሠልጥነውን ነበር፤ ውሃው ወርዶ ይሁን ፓምፑ ደክሞ ለይተን አላወቅንም።»

መልስ፦ ሁለቱን የሚለየው የውሃውን ጥልቀት መለካት ነው። ፓምፑ ሌሊቱን አርፎ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት፣ በመለኪያ ቀዳዳው በኩል የጥልቀት መለኪያ ገመድ እንዲወርድ የወረዳውን የመስኖ ባለሙያ ይጠይቁ፤ ጉድጓዱ ሲቆፈር በተሞላው ቅጽ ላይ ከተጻፈው ጋር ያነጻጽሩት። ጥልቀቱ ብዙ ካልተለወጠ ችግሩ ከፓምፑ ወይም ከቱቦው ነው። ውሃው ከዓመት ዓመት እየራቀ ከሆነ ግን ፓምፕ መለወጥ ገንዘብ ማጥፋት ነው፤ ያን ጊዜ ከጎረቤት ጉድጓዶች ባለቤቶች ጋር ተቀምጦ የመቅጃ ሰዓት መከፋፈልና ውሃ የሚቆጥብ የማጠጫ ዘዴ መያዝ ያስፈልጋል። አንዱ ብቻውን ቢቆጥብ ከሥር ያለው ውሃ የጋራ ስለሆነ ብዙ አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ «ከደላንታ ነው። ሊያስተምሩን የመጡ ልጆች ባሕር ዛፋችሁ ምንጩን አደረቀው፣ ቁረጡት አሉን። እኛ ግን ልጅ የምናስተምረው በእርሱ ነው።»

መልስ፦ ልጆቹ ስለ ዛፉ ጠባይ ያሉት እውነት ነው፤ ባሕር ዛፍ ሥሩ ጠልቆ ብዙ ውሃ ይስባል፣ ከምንጭ አጠገብ ሲሆንም ጉዳቱ ይታያል። ሁሉን ቁረጡ ማለታቸው ግን የእናንተን ኑሮ ያላየ ምክር ነው። ከምንጩ ዓይን በላይ ካለው ዳገትና ከወንዝ ዳር ያለውን ብቻ ቀስ በቀስ እያነሣችሁ በአገር በቀል ዛፍና በሣር ተኩት፤ እርከንም ሥሩበት። ለሽያጭ የሚሆነው ከምንጩ ርቆ፣ ለእህል በማይሆን መሬት ላይ ይቆይ። የምንጩን መጠን ከመቁረጣችሁ በፊትና ካነሣችሁ በኋላ በጀሪካን ብትለኩ ክርክሩ ይቀልላል።

ጥያቄ፦ «ከደሴ ነው የምጽፈው። ለመመረቂያ ጽሑፌ በኩታበር ወረዳ የአንዲት ቀበሌ ምንጮች ላይ ጥናት ሠርቼ ተመርቄያለሁ። ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። ውጤቱን ሳይነግሩን ቀሩ የሚል ቅሬታ ከዚያ ቀበሌ ቢመጣ እኔ ነኝ ተጠያቂው ብዬ አስባለሁ። አሁን ብመለስ ይረፍዳል?»

መልስ፦ አይረፍድም፤ ሂድ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ናሙና ወስጄ ውጤቱን ያልመለስኩበት መንደር አለ፤ ከዓመታት በኋላ ስሄድ ውሃውን የቀዱልኝ አባት አርፈው አገኘኋቸው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዕረፍት አታቆየው።

ጽሑፍህን እንዳለ አትውሰድ። በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፍ፤ የእያንዳንዱን ምንጭ ስም ሰዎቹ በሚጠሩበት ስም አድርገው፤ ናሙናው የተወሰደበትን ቀን፣ የተገኘውን ነገር፣ ውሃው ሳይታከም ሊጠጣ ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ በግልጽ ቋንቋ አስፍር። መጥፎ ውጤት ካለ አታለስልሰው፤ ነገር ግን ከሥሩ ምን ማድረግ እንደሚቻል ጨምርበት፤ ዓይኑን ማጠር፣ ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር፣ መጸዳጃን ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ማራቅ፣ ውሃውን ማከም። ውጤቱ ያረጀ ስለሆነ እንደገና መመርመር እንዳለበትም ጻፍ። ሦስት ቅጂ አዘጋጅ፤ አንዱን ለውሃ ኮሚቴው፣ አንዱን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ አንዱን ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ስጥ። ለኮሚቴው ስትሰጥ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው በመካከላቸው መኖሩን ጠይቅ፤ ከሌለ ቡናው እስኪደርስ ቁጭ ብለህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብብላቸው።